የአጋዘን ጥርስ ምን ያህል ይናገራል? ከቅሪተ አካል ጥርስ የጥንት አመጋገብንና መኖሪያን ስለመለየት

ሰው እርሻ ከመጀመሩ በፊት የአውሮፓ ምድር ምን ይመስል ነበር? ፀሐይ የማያስገባ ጥቅጥቅ ደን ነበር ወይስ ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሣር የተፈራረቁበት ክፍት መሬት? ጥያቄው የታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የተራቆተ መሬትን ወደ ቀድሞ ይዞታው እንመልስ የሚሉ ዕቅዶች በበዙበት በዚህ ወቅት፣ “የቀድሞ ይዞታ” የሚባለው የቱ እንደሆነ መለየት የት ዛፍ እንደሚተከል፣ የትስ ትላልቅ ሣር በል እንስሳት እንደሚለቀቁ ይወስናል። በዚህ ክርክር ውስጥ ከዕፅዋት ብናኝ (ፖለን) ጎን ለጎን በማስረጃነት የሚጠራው የእንስሳት ጥርስ ነው፤ ከእንስሳቱም መካከል የአጋዘን ጥርስ ትልቅ ድርሻ አለው። እዚህ አጋዘን የምንለው በአብዛኞቹ ዝርያዎች ወንዶቹ ቀንዳቸውን በየዓመቱ እየጣሉ አዲስ የሚያበቅሉበትን የሰርቪዴ ቤተሰብ ነው።

ጥርስ ብዙ ይናገራል። ችግሩ እያንዳንዱ የምርመራ ዘዴ የሚያነበው ዘመን የተለያየ መሆኑ ነው። የጥርሱ ቁመት ከቅድመ አያቶች የመጣ፣ በመቶ ሺህዎችና በሚሊዮኖች ዓመታት የተቀረጸ ውርስ ነው። በኢናሜሉ፣ ማለትም በጥርሱ ጠንካራ የውጭ ሽፋን ውስጥ የተቆለፈው ኬሚስትሪ እንስሳው ገና ግልገል ሳለ፣ ጥርሱ በተሠራባቸው ወራት የበላውንና የጠጣውን ይዟል። በጥርሱ ማኘኪያ ላይ ያሉት የጉብታዎች ቅርጽ እንስሳው ካደገ በኋላ የነበረውን ረዘም ያለ የኑሮ ዘመን ያሳያል። በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታየው ጭረት ደግሞ ከመሞቱ በፊት የነበሩትን የመጨረሻ ቀናትና ሳምንታት ይመዘግባል። እነዚህን አራት ነገሮች በአንድ ከረጢት ጨምሮ “ይህ አጋዘን ቅጠል በል ነበር፤ ስለዚህ አካባቢው ደን ነበር” ማለት በዘርፉ በብዛት የሚሠራ ስህተት ነው።

በተለይ አጋዘን ለዚህ ስህተት የተመቸ እንስሳ ነው። ቤተሰቡ በዩራሲያ ወደ 20 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ታሪክ አለው፤ ጥርሱም በዋሻ ደለል፣ በወንዝ ጠጠርና በጥንት አዳኞች ሰፈር በብዛት ይገኛል። ማስረጃው አያጥርም። ነገር ግን እንስሳው እንደ ሁኔታው የሚበላ ነው። ሮ የሚባለው ትንሹ የአውሮፓ አጋዘን ለጋ ቅጠልና እምቡጥ እየመረጠ ይቀነጥባል። ሙስ የዛፍ ቀንበጥና የውኃ ውስጥ ተክል ይበላል። ሬንዲር በክረምቱ ቅዝቃዜ ላይከን የሚባለውን ድንጋይና መሬት ላይ የሚበቅል ሽበት መሰል ሕይወት ከበረዶ ሥር ቆፍሮ ያወጣል። የእስያው ቺታል ሣር ይግጣል። ቀዩ አጋዘን ደግሞ ሁሉንም እንደ ወቅቱ ያፈራርቃል፤ ዛሬም በመካከለኛው አውሮፓ ደን ውስጥም፣ ዛፍ በሌለው የስኮትላንድ ተራራ ላይም ይኖራል። ስለዚህ የዝርያውን ስም ማወቅ ብቻውን ስለ መሬቱ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። ወደ ጥርሱ የምንሄደውም ለዚህ ነው።

የጥርሱን ማንነት ማረጋገጥ

ከማንኛውም ልኬት በፊት በእጃችን ያለው ጥርስ የማን እንደሆነና በመንጋጋው ላይ ስንተኛው እንደነበር መታወቅ አለበት። አጋዘን በላይኛው መንጋጋ የፊት ጥርስ የለውም፤ የታችኞቹ የፊት ጥርሶች የሚገጥሙት ከጠንካራ ድድ ጋር ነው። ለምርመራ የሚፈለጉት የጎን ጥርሶች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ጎን ከላይም ከታችም 3 ቅድመ መንጋጋና 3 መንጋጋ ጥርሶች አሉ። ይህ አደራደር በበሬ፣ በፍየልና በሚዳቋ ቤተሰብ፣ ማለትም በቦቪዴም አንድ ዓይነት ስለሆነ ተነጥሎ የተገኘ ጥርስ በቀላሉ ያሳስታል። የአጋዘን ኢናሜል በአብዛኛው ሸካራና የተሸበሸበ ሲሆን የቦቪዴው ለስለስ ይላል፤ የአጋዘኑ ዘውድም፣ ማለትም ከሥሩ በላይ ያለው የጥርስ ክፍል፣ አጠር ያለ ነው። በጥንታዊዎቹ የአጋዘን ወገኖች የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ላይ የፓሌኦሜሪክስ እጥፋት የሚባል ትንሽ የኢናሜል እጥፋት ይታያል። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለት ሦስቱ ሲገጥሙ ነው መወሰን የሚቻለው።

ሁለተኛው ወጥመድ የወተት ጥርስ ነው። በታችኛው መንጋጋ የመጨረሻው የወተት ጥርስ ሦስት ክፍል አለው፤ ሦስተኛው ቋሚ መንጋጋ ጥርስም እንዲሁ ሦስት ክፍል አለው። ጀማሪ ሁለቱን ያምታታል። በቋሚው ጥርስ ላይ ሦስተኛው ክፍል ከኋላ የተለጠፈ አነስተኛ ጉብታ ነው። በወተት ጥርሱ ላይ ግን ክፍሎቹ በመጠን ይቀራረባሉ፣ ወደ ፊት ሲሄዱ ይጠባሉ፣ ኢናሜሉ ስስ ነው፣ ሥሮቹም ወደ ጎን የተንፈራጠጡ ናቸው። ይህ ስህተት ውድ ነው፤ የወተት ጥርስ ኬሚስትሪ በእናትየው ሰውነትና ወተት ውስጥ ያለፈ እንጂ ግልገሉ ራሱ የጋጠው ተክል አይደለም። በተመሳሳይ ምክንያት የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ጥርስ ለአይሶቶፕ (በክብደት የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች) ሥራ አይመረጥም፤ ገና ጡት ሳይጣል መሠራት ይጀምራልና። ሦስተኛው ዘግይቶ ስለሚሠራ የተሻለ ነው።

ቁመቱና ጉብታው

የዘውድ ቁመት ለመለካት ቀላሉ ነገር ነው። ያልተሸረሸረ ወይም ጥቂት ብቻ የተሸረሸረ ሁለተኛ መንጋጋ ጥርስ ተወስዶ ቁመቱ ለርዝመቱ ይካፈላል። በተለመደው አመዳደብ ከ0.8 በታች አጭር፣ ከ0.8 እስከ 1.2 መካከለኛ፣ ከ1.2 በላይ ረጅም ዘውድ ይባላል። ረጅም ዘውድ ጥርስን ቶሎ የሚጨርስ ምግብና አቧራማ መሬት ለሚያዘወትር እንስሳ ይጠቅማል። አጋዘኖች ግን በአብዛኛው አጭር ወይም መካከለኛ ናቸው፤ ሣር የሚግጡት እንኳ እንደ ፈረስ ወይም እንደ በሬ ያለ ረጅም ጥርስ አላበጁም። ቁመት አንድ እንስሳ ምን መብላት ይችል እንደነበር ይጠቁማል፤ ምን እንደበላ ግን አይናገርም። ከስፔን የተገኘው ፕሮሰርቩሉስ የተባለው፣ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት በሚዮሲን ዘመን የነበረ ጥንታዊ አጋዘን ጥሩ ምሳሌ ነው። ዘውዱ አጭር ስለሆነ በጭፍን ቅጠል በል ሊባል ይችል ነበር። የጥርሱ አሸራረፍ ሲመረመር ግን አመጋገቡ ተለዋዋጭ እንደነበርና ሣርም ይቀላቅል እንደነበር ታይቷል። አመጋገብ ይቀድማል፣ የጥርስ ቅርጽ ከኋላ ይከተላል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይከተልም።

ወደ እንስሳው የራሱ ሕይወት የሚያስገባን ሜዞዌር የሚባለው ዘዴ ነው። ፎርቴሊየስና ሶሉኒያስ በ2000 ያቀረቡት ሲሆን መሣሪያው ዓይን፣ ቢበዛ አጉሊ መነጽር ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ለስላሳ ቅጠል ሲታኘክ ጥርስ ከጥርስ ጋር እየተፋጨ ጉብታዎቹን ይስላል፤ ሣርና አቧራ ያለበት ምግብ ግን በመካከል ገብቶ ጉብታውን ያደበዝዛል። ስለዚህ ሁለተኛው የላይኛ መንጋጋ ጥርስ ከጉንጩ በኩል በአግድም ይታያል። በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ያለው ሸለቆ ጥልቅ ነው ወይስ ጥልቀት የለውም? ከሁለቱ ጉብታዎች ይበልጥ የሰላው ስለታም ነው፣ ክብ ነው ወይስ ደንዝዟል? መልሱ ይመዘገባል፤ ከዚያም በሕይወት ካሉ፣ አመጋገባቸው ከሚታወቅ ዝርያዎች ጋር ይነጻጸራል።

ቀላልነቱ አያታልል። ገና ማኘክ የጀመረ ጥርስ ሁልጊዜ ስለታም ነው፤ ያረጀ እንስሳ ጥርስ ደግሞ ምንም ቢበላ ደንዝዟል። ሁለቱም ከስሌቱ መውጣት አለባቸው። የቀረው ቁጥር 20 ካልሞላ ውጤቱ አንድ ጥርስ ሲጨመርና ሲቀነስ ይዋልላል፤ ከአንድ የቁፋሮ ንብርብር ደግሞ 20 ደህና የአጋዘን ሁለተኛ ጥርስ ማግኘት ብርቅ ነው። ቁጥሩን ለመሙላት ሲባል ከተለያዩ ንብርብሮች የመጡ ጥርሶች ሲደባለቁ የሺህ ዓመታት ልዩነት ያላቸው መንጋዎች አንድ መንጋ ይሆናሉ። የሚገኘው “ድብልቅ ተመጋቢ” የሚል ውጤት ያን ጊዜ የእንስሳው ጠባይ ነው ወይስ የአቆጣጠሩ? ከሁለት የተለያዩ የአየር ንብረት ዘመናት የመጡ ቅጠል በሎችና ሣር በሎች ቢደመሩም ያው መልስ ይወጣል።

በጭረት ውስጥ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት

ማይክሮዌር፣ ማለትም የጥቃቅን ጭረት ምርመራ፣ ከሁሉም ዘዴዎች ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው፤ ብዙ የሚያሳየውም እሱ ነው። እያንዳንዱ ጉርሻ በኢናሜሉ ላይ ከፀጉር የቀጠኑ ጭረቶችና ጥቃቅን ጎድጓዶች ይተዋል፤ ቀጣዩ ምግብ ይፍቃቸውና የራሱን ይጽፋል። የሚቀረው ከሞት በፊት ባሉት ቀናትና ሳምንታት የተጻፈው ብቻ ነው።

ሥራው የሚጀምረው በጽዳት ነው። ጥርሱ በአሴቶን፣ ቀጥሎ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ቀስ ተብሎ ይጠረጋል። ጠንካራ ብሩሽ አይነካውም። በቁፋሮው ጊዜ ማጠናከሪያ ሙጫ ወይም ቫርኒሽ ተቀብቶ ከሆነ ጽዳቱ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፤ ቫርኒሽ ጎድጓዶቹን ሞልቶ ሸካራውን ገጽ ለስላሳ ያስመስላልና። ከዚያ ለጥርስ ሐኪሞች የተሠራው ፖሊቪኒል ሲሎክሴን የተባለ ሲሊኮን በማኘኪያው ገጽ ላይ ይጨመቃል። የመጀመሪያው ቅጂ ሲላጥ የቀረውን ቆሻሻ ይዞ ስለሚነሣ ይጣላል፤ ለሥራ የሚቀመጠው ሁለተኛው ነው። ወደዚህ ሻጋታ ኢፖክሲ የተባለ የሚጠነክር ሙጫ ተፈስሶ ግልጽ የሆነ የጥርሱ ግልባጭ ይወጣል። ሲሊኮኑ ከረጋ በኋላ ጋዝ ስለሚያስወጣ ወዲያው ኢፖክሲ የሚያፈስ ሰው ክብ ክብ አረፋ የበዛበት ግልባጭ ያገኛል፤ አረፋው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጎድጓድ ይመስላል። መፍትሔው ሻጋታውን ሰዓታት ማቆየት ነው።

ለንባቡ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በ35 እጥፍ የሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ሥር፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲገባ ተደርጎ፣ 0.4 በ0.4 ሚሊ ሜትር በሆነ አራት ማዕዘን ውስጥ ያሉትን ጭረቶችና ጎድጓዶች በዓይን መቁጠር ነው። ርካሽና ፈጣን ነው፤ ሆኖም ሁለት ሰዎች አንዱን ገጽ ቆጥረው የተለያየ ቁጥር ያመጣሉ። ስለዚህ አንድ ጥናት በአንድ ሰው፣ የጥርሱን ምንጭ ሳያውቅ መቆጠር ይኖርበታል። ሁለተኛው መንገድ ገጹን በኮንፎካል ማይክሮስኮፕ በሦስት ልኬት ቀርጾ ለኮምፒውተር መስጠት ነው። በ2005 ከታወቀው ሥራ ወዲህ በስፋት የሚሠራበት ይህ ነው። ኮምፒውተሩ ከሚያወጣቸው ቁጥሮች ሁለቱ ዋና ናቸው፦ የገጹ ውስብስብነትና የጭረቶቹ አቅጣጫ አንድነት። ሣር የሚግጥ እንስሳ መንጋጋውን በአንድ አቅጣጫ እየደጋገመ ስለሚፈጭ ጭረቶቹ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ የአቅጣጫው ቁጥር ከፍ ይላል። ፍሬ፣ ዘርና ቅርፊት የሚሰብር እንስሳ ገጹ በጎድጓድ ይሞላል፤ ውስብስብነቱ ከፍ ይላል። በሁለቱም መንገድ ግን የሚነበበው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጥርስ፣ የዚያም ጥርስ አንድ ዓይነት የማኘኪያ ፊት መሆን አለበት።

እንስሳው ከሞተ በኋላ የተፈጠረ ጭረት የዚህ ዘዴ ትልቁ ጠላት ነው። ወንዝ ያንከባለለው ጥርስ በአሸዋ ተፈትጎ በየአቅጣጫው ይጫጫራል። አሲዳማ አፈር ኢናሜሉን አሟሙቶ ውስጣዊ አወቃቀሩን እንደ ማር እንጀራ ያወጣዋል። የቁፋሮ መርፌና የመለኪያ ካሊፐር ሰፋፊ፣ ቀጥ ያሉ ፍንጥቆችን ይተዋሉ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ምግብ የማይነካውን የጥርሱን ጎን ተመልከት፤ ማኘኪያው ላይ ያየኸው ዓይነት ምልክት እዚያም ካለ ከአፈር የመጣ ነው፣ ጥርሱም ከጥናቱ ይውጣ። አንድ ዘገባ ስንት ጥርስ ተመርምሮ ስንቱ እንደተጣለ ካልገለጸ የቀሩትን ቁጥሮች ማመን ይከብዳል።

ጭረቱን የሚሠራው ማን ነው የሚለውም ሲያከራክር ቆይቷል። ለዓመታት ሣር ውስጥ ያለው ፋይቶሊት የተባለ የሲሊካ ቅንጣት ነው ይባል ነበር። በ2007 የታተመ ልኬት ፋይቶሊት ከኢናሜል ይልቅ ለስላሳ መሆኑን አሳየ፤ ከኢናሜል የሚጠነክረው የአሸዋው ኳርትዝ ነው። ያ ከሆነ “ሣር በል” የምንለው ምልክት “አቧራማ መሬት” ሊሆን ነው። በበረዶ ዘመን ነፋስ ደቃቅ አፈር በሚያለብሰው ሜዳ ላይ ለኖሩ አጋዘኖች ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። በ2016 በታተመ ሙከራ ግን በጎች ንጹሕና አቧራ የተነሰነሰበት መኖ ተሰጥቷቸው ነበር፤ በጥርሳቸው ላይ የምግቡ ዓይነት ልዩነት ከአቧራው በላይ ጎልቶ ታየ። የምግቡ ምልክት በአቧራ አይሰረዝም ማለት ነው። ሆኖም የተሞከረው የተወሰነ የአቧራ መጠን እንጂ በዓለም ያለ አቧራ ሁሉ ስላልሆነ፣ በጣም አቧራማ ከሆነ ንብርብር የወጣ ጥርስ ሲገኝ ጥንቃቄው ይቀጥላል።

አይሶቶፕና የሰሜኑ ችግር

ኢናሜል ከ95 በመቶ በላይ ማዕድን ነው፤ ከሥሩ ያለው የጥርስ አካል፣ ዴንቲን፣ ግን ወደ 70 በመቶ ብቻ። ስለዚህ ኢናሜል ለሚሊዮኖች ዓመታት ኬሚስትሪውን ሲጠብቅ ዴንቲንና አጥንት ከአፈሩ ጋር ይቀያየራሉ። ናሙናው የሚወሰደው የአልማዝ ጫፍ ባለው ድሪል፣ በዝግታ፣ ከዘውዱ ጫፍ እስከ ሥሩ ሲሆን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ዱቄት ይበቃል። ከ2 እስከ 3 በመቶ በሆነ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ኦርጋኒክ ቆሻሻው ይወገዳል፤ ዱቄቱ በተጣራ ውኃ ደጋግሞ ታጥቦ፣ ከውጭ የገባውን ካርቦኔት ለማጽዳት በ0.1 ሞላር አሴቲክ አሲድ ለ4 ሰዓት ያህል ይቆያል። አሲዱ ሲጠነክር ወይም ሲረዝም እውነተኛውንም ኢናሜል መብላት ይጀምራል፤ ሲያጥር ደግሞ የአፈሩ ካርቦኔት ይቀራል። ዱቄቱ በፎስፎሪክ አሲድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ አይሶቶፖችን በክብደት ለይቶ ወደሚለካው መሣሪያ፣ ማስ ስፔክትሮሜትር፣ ይገባል።

የካርቦን 13 ልኬት የሚሠራው ተክሎች በሁለት ዋና መንገድ ካርቦን ስለሚይዙ ነው። ዛፍ፣ ቁጥቋጦና የቀዝቃዛ አካባቢ ሣር ሲ3 ናቸው፤ የካርቦን 13 መጠናቸው ከዓለም አቀፍ ማመሳከሪያ ጋር ሲነጻጸር በአማካይ ነጌቲቭ 27 በሺህ ገደማ ነው። የሞቃት አካባቢ ሣር በአብዛኛው ሲ4 ነው፤ አማካዩ ነጌቲቭ 13 አካባቢ። በትላልቅ አመንዣጊዎች ኢናሜል ላይ ከምግቡ ወደ 14 በሺህ ከፍ ብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ በሐሩር አካባቢ ሥራው ግልጽ ነው። ዩጂን ዱቡዋ በ1891 የሰው ዘር ቅሪት ባገኘበት በጃቫ ደሴት በትሪኒል የወጣው አክሲስ ሊዴኬሪ የተባለ አጋዘን ከፍ ያለ የሲ4 ምልክት አለው፤ ይህም ሣር እንደጋጠና ክፍት መሬት በአቅራቢያው እንደነበረ ያመለክታል።

ወደ አውሮፓና ወደ ሰሜን እስያ ስንሄድ ግን ይህ መሣሪያ ይደንዛል። እዚያ ሣሩም ቅጠሉም ሲ3 ነው። ቀኑን ሙሉ ሣር የጋጠና ቀኑን ሙሉ ቅጠል የቀነጠበ አጋዘን በካርቦን ተመሳሳይ ሊሆኑ ይችላሉ። “አይሶቶፑ ሣር አለመብላቱን አሳይቷል” የሚል የአውሮፓ ጥናት ካየህ መጠርጠር አለብህ፤ ያሳየው የሞቃት አካባቢ ሣር አለመብላቱን ነው። የሰሜኑ ካርቦን የሚጠቅመው ለሌላ ጥያቄ ነው፦ ጥላ ነበር ወይ? በጥቅጥቅ ደን ወለል ላይ፣ ብርሃን ባነሰበትና ከብስባሽ የወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚዘዋወርበት፣ ተክሎች ካርቦን 13 ያንሳቸዋል። በፈረንሳይ ዩራና አልፕስ አካባቢ በተደረጉ ጥናቶች በቀይ አጋዘን አጥንት ውስጥ ባለው ፕሮቲን፣ በኮላጅን፣ የበረዶ ዘመን አልቆ ደን ሲመለስ የካርቦን 13 መጠኑ ዝቅ ማለቱ ታይቷል። ዝርያው አንድ ነው፤ የተለወጠው መሬቱ ነው። ኮላጅን ግን የዓመታት አማካይ ስለሚይዝ ከጥርስ ኢናሜል ጋር በቀጥታ ጎን ለጎን አይቀመጥም።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት ብዙዎችን ይጥላል። የኢንዱስትሪ ዘመን ከመጀመሩ በፊት በከባቢ አየር የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የካርቦን 13 ልኬቱ ነጌቲቭ 6.5 በሺህ ገደማ ነበር። የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ጭስ ዛሬ ወደ ነጌቲቭ 8.5 አውርዶታል። አንድ የቅሪተ አካል ኢናሜል ነጌቲቭ 14 ቢለካ፣ 14 ሲቀነስ ምግቡ ነጌቲቭ 28 ይሆናል። ይህን ከዛሬ ተክሎች ጋር በቀጥታ ያነጻጸረ ሰው ተራ የሲ3 አማካይ ብሎ ያልፈዋል። በአየሩ ላይ የመጣው የ2 በሺህ ልዩነት ሲታረም ግን በዛሬ አየር ነጌቲቭ 30 ማለት ነው፤ ይህም ጥላማና እርጥብ ወደሆነ ደን ይጠጋል። ማስተካከያው ሲረሳ ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ የጥንቱን መሬት ከነበረው በላይ ክፍትና ደረቅ ያስመስላል። አሁን ለሚካሄደው የደን ክርክር ይህ ወሳኝ ነው።

ኦክስጅን 18 ስለ ውኃና ስለ ወቅት ይናገራል። ከዘውዱ ጫፍ ወደ ሥሩ በየ1 ወይም 2 ሚሊ ሜትሩ በእድገቱ አግድም ናሙና ሲወሰድ የበጋና የክረምት ሞገድ ይታያል። የአጋዘን ዘውድ አጭር መሆኑ እዚህ ይጎዳል፤ አንድ ጥርስ ሙሉ ዓመት ላይይዝ ስለሚችል ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መንጋጋ ጥርስ ከአንድ እንስሳ አገጣጥሞ ማንበብ ያስፈልጋል። በተጨማሪም ኢናሜል አንዴ ተሠርቶ አያበቃም፤ ለወራት እየጠነከረ ስለሚሄድ አጎራባች ወቅቶች ይደባለቃሉ። የሚለካው የወቅት ልዩነት ከእውነተኛው ያነሰ ነው።

የተገኘበት ቦታ የበላበት ቦታ ላይሆን ይችላል

ስትሮንቲየም የተባለው ከዓለት የሚመጣ ንጥረ ነገር አይሶቶፕ እንስሳው የጋጠበትን ዓለት ማኅተም ይይዛል። በፈረንሳይ ዦንዛክ በሚባለው የኒያንደርታል ሰፈር የተገኙ የሬንዲር ጥርሶች በዘውዱ ርዝመት ሲለኩ በየወቅቱ ከቦታ ቦታ መሰደዳቸውን አሳይተዋል። እንዲህ ያለ እንስሳ ጥርሱ ሲሠራ የበላው አንድ አገር፣ ሲሞት የበላው ሌላ አገር ነው። የኢናሜሉን ካርቦን ወስዶ ስለ ዋሻው አካባቢ መናገር አይቻልም፤ ማይክሮዌሩ ግን ስለ ዋሻው አካባቢ ሊናገር ይችላል። ዘዴዎቹ ሲጣሉ አንዱን ትክክል አንዱን ስህተት ከማለት በፊት የየትኛው ወር፣ የየትኛው ቦታ ምስክር እንደሆነ መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው። የአዳኞች ሰፈር ደግሞ የራሱ አድልዎ አለው። አደኑ በመኸር ብቻ ከተካሄደ ማይክሮዌሩ የመኸር ምግብ ብቻ ነው፤ ሜዞዌሩ ሌላ ቢል አይገርምም። የሞቱን ወቅት ለማረጋገጥ በጥርሱ ሥር ላይ በየዓመቱ የሚደራረበው የሲሚንተም ቀለበት ተቆርጦ ይቆጠራል።

አንዳንዴ ምግቡ ራሱ ይገኛል። ከቀንዱ ጫፍ እስከ ጫፍ 3.6 ሜትር ሊደርስ የሚችለውና በሳይቤሪያ እስከ 7,700 ዓመት ገደማ በፊት የቆየው ግዙፉ አጋዘን፣ ሜጋሎሴሮስ፣ ጥርሶቹ ከሰሜን ባሕር ወለል ወጥተው በመንጋጋ ጥርሱ እጥፋቶች ውስጥ የተጣበቀ የተክል ቅሪት ተመርምሯል። አርቴሚሲያን የመሰሉ የክፍት ሜዳ ተክሎች ብናኝ ተገኝቶበታል። ይህ ምርመራ የሚሠራው ጥርሱ ከመታጠቡ በፊት ከታሰበ ብቻ ነው። ብዙ የሙዚየም ጥርስ በጥሩ ሐሳብ ታጥቦ ይህን ማስረጃ ለዘላለም አጥቷል።

የማነጻጸሪያውም ጥራት ያሳስባል። የጥንቱን ጥርስ የምንመዝነው በዛሬ አጋዘኖች ነው። በአጥር ውስጥ ተቀጥቅጦ የተዘጋጀ መኖ የበላ እንስሳ ጥርስ ለዱር እንስሳ መለኪያ አይሆንም፤ ከዱር የመጡት የቆዩ የሙዚየም ናሙናዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሞቱበት ወር አልተመዘገበም። ወሩ ያልታወቀ ጥርስ ለሜዞዌር ያገለግላል፣ ለማይክሮዌር ግን ብዙም አይረዳም።

አመጋገብ ከታወቀ በኋላም ወደ መኖሪያ የሚደረገው ዝላይ ይቀራል። ሣር የበላ አጋዘን በደን መካከል ባለች ጠባብ ገላጣ ሊግጥ ይችላል፤ ቅጠል የበላም በሣር ሜዳ ውስጥ በወንዝ ዳር ካለ ቁጥቋጦ ሊቀነጥብ ይችላል። አንድ ዝርያ ብቻውን የሚያሳየው የመረጠውን ነው። ከአንድ ንብርብር የወጡ ሮ አጋዘን፣ ቀይ አጋዘን፣ ፈረስና ጎሽ አብረው ሲመረመሩና ሁሉም ወደ ሣር ሲያዘነብሉ ነው ስለ መሬቱ በልበ ሙሉነት መናገር የሚቻለው። ቅጠል መራጩ ሮ አጋዘን ሣር ጀምሮ ከተገኘ ደግሞ ቅጠል አጥሮታል ወይም ሌሎች ተሻምተውታል ማለት ነው፤ ለእኔ ከደርዘን የፈረስ ጥርስ ይልቅ ክብደት ያለው ምስክርነት ይህ ነው።

ይህ ሁሉ ከአንድ ጥርስ ሊወጣ የሚችለው የሥራው ቅደም ተከተል ከተጠበቀ ነው። መጀመሪያ ሳይታጠብ ፎቶ ይነሣል፤ በእጥፋቶቹ የተጣበቀ ነገር ካለ ይለቀማል። ከዚያ ይጸዳል፣ የሲሊኮን ሻጋታ ይወሰዳል፣ በሦስት ልኬት ይቀረጻል፣ ሜዞዌሩ ይመዘገባል። ድሪል የሚገባው በመጨረሻ ነው፤ እሱም ከማኘኪያው ፊት ርቆ፣ በተሰነጠቀው ወይም ቀድሞ በተጎዳው ጎን። የማኘኪያው ገጽ፣ ሻጋታውና የዲጂታል ቅጂው ለሚቀጥለው ተመራማሪ ይቀመጣሉ፤ ከኢናሜሉም ቢያንስ ግማሹ ሳይነካ ይቆያል።